የራምቦ ያልተሸጠ ዕቃ

ሐረር የሄደ ሰው «ራምቦ ቤት»ን ሳያይ አይመለስም። አስጎብኚው ስለ ፈረንሳዊው ባለቅኔ ይነግራችኋል። እኔን ግን የሚማርከኝ አርተር ራምቦ ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ከተወ በኋላ የገባበት ንግድ ነው። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ «ሎጂስቲክስ» የምንለው ጣጣ፣ ማለትም ትእዛዝ መቀበል፣ ዕቃ ማከማቸት፣ በጊዜው ማድረስ፣ መዝገብ መያዝ፣ በአንድ ሰው ላይ እንዲህ ሲከመር ሌላ ቦታ አላየሁም።

ነገሩ የተጀመረው በ1885 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ነው። ላባቱ የሚባል ሸዋ የኖረ ፈረንሳዊ ነጋዴ ከንጉሥ ምኒልክ የጠመንጃ ትእዛዝ ነበረው። ራምቦ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ ሸሪክ ሆነ። ጠመንጃዎቹ የአውሮፓ ሠራዊት ከጣላቸው አርባ ዓመት የሆናቸው ናቸው። በሰባትና ስምንት ፍራንክ ተገዝተው ለንጉሡ በአርባ ሊሸጡ ነው። ይህን ለቤተሰቡ የጻፈው ራሱ ነው። በወረቀት ላይ አምስት እጥፍ! ማን ይጠላል?

ወረቀት ግን ግመል አይሆንም። ወደ 2,000 የሚጠጋው ጠመንጃ ታጁራ ላይ አንድ ዓመት ገደማ ተቀመጠ። መጀመሪያ ግመል ጠፋ። ቀጥሎ በኤፕሪል 1886 ፈረንሳይ መሣሪያ ወደ ሸዋ እንዳይገባ ከለከለች፤ ነጋዴዎቹ አቤት ብለው ፈቃድ እስኪያገኙ ሌላ ጊዜ አለፈ። በዚህ መሃል ላባቱ ታሞ ሞተ። ዕቃ ቆመ ማለት ገንዘብ ቆመ ማለት ነው፤ ጠባቂው ግን በየቀኑ ይበላል። ራምቦ በኦክቶበር ብቻውን በረሃውን ጀመረ፤ አንኮበር የገባው በፌብሩዋሪ 1887 ነው።

ደንበኛው ግን እዚያው አልጠበቀውም። ምኒልክ በጃንዋሪ ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረርን ይዘዋል። ራምቦ እንጦጦ ድረስ ሄዶ ሲያገኛቸው የቸገረው ገዢው ሳይሆን ሻጩ ነበር። መልሶ እንዳይወስደው በረሃ አለ፤ እንዳይቸረችረው ንጉሡ ከለከሉ። ዋጋው ተቆረጠ፣ የላባቱም ዕዳ ተቀነሰበት። ለቀሪው ሐረር ላሉት ለመኮንን የተጻፈ የክፍያ ወረቀት ተሰጠው። ሐረር ሲደርስ ጥሬ ብር ስለሌለ ወረቀቱ በሌላ ወረቀት ተለውጦ እስከ ምፅዋ ወሰደው። ራምቦ በዚህ ተበደልኩ ብሎ አልቅሷል፤ እኔ ግን ያረጀ ጠመንጃ በአምስት እጥፍ አልገዛም ያለ ገዢ ጥፋቱ አይታየኝም።

የሚከፋው የመዝገቡ ነገር ነው። የላባቱ አበዳሪዎች ካራቫኑ መግባቱን ሲሰሙ አንድ በአንድ ብቅ አሉ፤ እውነተኛውም ሐሰተኛውም። ራምቦ ደግሞ የሟቹን ከሠላሳ በላይ ደብተሮች፣ ሚስቱ እየተራገመች፣ እሳት ውስጥ ከቷቸው ነበር። የንብረት ማስረጃ በመካከላቸው እንደነበር የተነገረው በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ማን ስንት እንደሚፈልግ በምን ይመሳከራል?

በ1888 ሐረር ላይ ሱቅ ሲከፍት ስህተቱ ተገለበጠ፤ አሁን ያልታዘዘ ዕቃ ይልክ ጀመር። ተቀባዩ በምኒልክ ግቢ ባለሟል የነበረው ስዊዙ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነው። ድስት ይላክለታል። ንጉሡ የካቶሊክ ሚሲዮናዊ ወደ ሐረር እንዲመለስ ባዘዙበት ሰሞን መቁጠሪያና መስቀል ይላክለታል። መጻፍ ለማይችል ሕዝብ የማስታወሻ ደብተር! ኢልግ እያሾፈ ነው የመለሰለት። ሐረር ላይ ርካሽ የተገኘ ዕቃ ሸዋ ላይ ፈላጊ አለው ማለት አይደለም፤ ዕቃውን ያየ ዓይን ገዢውን አላየም።

በ1891 መጀመሪያ ጉልበቱ አበጠ። ሱቁን በጥድፊያ ዘግቶ፣ በኤፕሪል 16 ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ዘይላ አደረሱት። ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ። ኖቬምበር 9 ቀን፣ ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው፣ ለእህቱ ቃል እየሰጠ ለመርከብ ድርጅት ኃላፊ ደብዳቤ አስጻፈ። ደብዳቤው የሚጀምረው በዕቃ ዝርዝር ነው፤ የዝሆን ጥርስ፣ በየጭነቱ ስንት ስንት እንደሆነ። ከዚያ በስንት ሰዓት መርከብ ላይ እንደሚጫን ይጠይቃል።