አስረኛ ላይ የቀሩትስ?

እንግዲህ ጠጋ ጠጋ በሉ። ሻይ የያዘ ይጠጣ፣ ስልክ የያዘ ያስቀምጥ። የማወራችሁ የአንድ ክፍል ልጆችን ወሬ ነው፤ ንጉሥም ጀግናም የለበትም፣ አንድ ሞኒተር ግን አለበት።

እኛ በ1995 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል የገባን ነን። ትምህርት ቤታችን ከደምበል በእግር የሚደረስበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ስሙን አልጠራም፤ የምናገረው ሁሉ ምስጋና አይደለማ። ከቂርቆስ፣ ከካዛንቺስ፣ ከኦሎምፒያ፣ ከኡራኤል፣ ከባምቢስ ጀርባ እየተጠራራን በእግራችን እንመጣ ነበር። አስራ ሁለተኛን የጨረስነው በ1998 ነው። ዘንድሮ፣ በ2018፣ ሃያ ዓመት ሞላን። ይኸው ሞኒተራችን ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፍቶ "ልንገናኝ ነው" አለን። ሌላ ማን ሊከፍት ኖሯል! ያኔ የረባሽ ስም ይመዘግብ የነበረው ሰው ዛሬ የመዋጮ ስም ይመዘግባል። ጠባዩም አልተለወጠ፤ ያልከፈለ ሰው ስም ጎን አሁንም ኤክስ ያደርጋል።

ደምበልን ካላነሳሁ ክፍላችንን አላወራሁም። ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ ሲኬድ በቀኝም በግራም ሕንፃ በተደረደረበት በዛሬው ጎዳና የሚያልፉ ልጆቻችን "ደምበል ምኑ ይገርማል?" ይሉናል። አይፈረድባቸውም። ያኔ ግን የደምበል ሲቲ ሴንተር ገና አዲስ ነው፤ ሱቅ በሱቅ ላይ ተደራርቦ፣ በአሳንሰር ወጥቶ የሚታይ ነገር ለእኛ ብርቅ ነበር። ስለዚህ እንፎርፋለን። ከምሳ በኋላ ጂኦግራፊ ካለ ደግሞ ግማሹ ክፍል ይፎርፋል። አጥር ዘለን መንገድ ዳር እንደደረስን ሹራባችንን አውልቀን ገልብጠን እንለብሳለን። የባጁ ስፌት ክሩ ተንጨባርሮ በደረታችን ላይ ይታያል፣ የብብቱ መጋጠሚያ ወደ ውጭ ወጥቷል፤ እኛ ግን ሲቪል የለበስን መስሎን ደረት ነፍተን እንገባለን። አንድም ቀን ዕቃ ገዝተን አናውቅም። የጫማ ዋጋ እናነባለን፣ "ይሄ የእኔ፣ ያ የአንተ" እንባባላለን፣ እንወርዳለን።

ከመካከላችን አንዲት የካዛንቺስ ልጅ ነበረች። እሷ ጫማ አታይም፤ በቀጥታ ወደ ሽቶው ነው። ለሙከራ የተቀመጠውን አንስታ አንጓዋ ላይ ረጨት ታደርግና እጇን አፍንጫዋ ሥር ይዛ ትመለሳለች። ዩኒት ሊደራችን ደግሞ ሞኝ አልነበሩም። አንድ ከሰዓት በሩ ላይ ቆመው የዘለልነውን አጥር እንኳ አልጠየቁም።

"ነይ እስቲ፣ እጅሽን።"

ሰጠቻቸው። አሸተቱት።

"ይሄ የደምበል ነው። ነገ ወላጅ።"

ከዚያ ወዲህ ስሟ ቀርቶ "ባለሽቶዋ" ሆነች። ከኋላ ዴስክ ደግሞ "ሬዲዮ ፈታቹ" አለላችሁ። የሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ ባንዲራ ሰዓት ላይ ሲያፍን የሚጠራው እሱ ነው። ሰልፉ ቆሞ፣ ርዕሰ መምህሩ ማይኩን ይዘው፣ ሬዲዮ ፈታቹ በጥርሱ ሽቦ እየላጠ። ሒሳብ ላይ ግን አይሆንለትም ነበር። አጤሬራ እንኳ ሲጽፉለት ቁጥሩን ገልብጦ ይገለብጠዋል።

አሁን ጆሮ ስጡኝ፤ ወሬው ያለው እዚህ ጋ ነው።

ታላላቆቻችን "ማትሪክ" ሲሉ የአስራ ሁለተኛን ፈተና ማለታቸው ነበር። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መጥቶ ሥርዓቱ ሲቀየር፣ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ በሩ አስረኛ ላይ ቆመ። አስረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ትወስዳለህ፤ የበለጠ ያመጣህባቸው ሰባት ትምህርቶች ተደምረው ከአራት ነጥብ ይያዝልሃል፤ ያለፈ መሰናዶ ይገባል፣ ያላለፈ ቴክኒክና ሙያ። አስር ሲደመር አንድ፣ አስር ሲደመር ሁለት፣ አስር ሲደመር ሦስት ይባል ነበር። አስራ ስድስት፣ አስራ ሰባት ዓመት ልጅ ላይ የሚዘጋ በር ነው እንግዲህ። እኛ የተፈተንነው በ1996 ነው።

ከፈተናው በፊት ባሉት ሳምንታት ክፍሉ አውቶግራፍ በአውቶግራፍ ሆነ። የዚያ ዘመን ሰው ያውቃታል፤ ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር፣ በየገጹ አናት በቀለም እስክሪብቶ የተጻፈ ጥያቄ። ስም። የምትወደው ምግብ። የምትጠላው ጠባይ። ስለ እኔ ያለህ አስተያየት። የወደፊት ምኞት። ምኞት ላይ ስትደርሱ ነው ጉዱ፤ ቦሌ ቅርብ ስለሆነ ነው መሰለኝ ከእኛ ክፍል ሊወጣ የታሰበው ፓይለት ከአየር መንገዱ አውሮፕላን ይበልጥ ነበር። ባለሽቶዋ "ሆስተስ" ብላ ጽፋልኛለች። የገጹን ጥግ አጥፋ "እንዳትገልጠው" አለችበት፤ ገለጥኩት፤ "ነግሬህ ነበር" ይላል። ሬዲዮ ፈታቹ ምኞት ለሚለው "የራሴ ሱቅ" ብሎ አለፈ። በዚያ ሁሉ ፓይለት መሃል በጣም ሳቅንበት።

ክረምት ላይ ውጤት መጣ። በ1997 መስከረም አስራ አንደኛ ክፍል ተቀምጠን ስም ሲጠራ "አቤት" የሚለው ድምፅ አነሰ። ባለሽቶዋ የለችም። ሬዲዮ ፈታቹ የለም። ከኋላ ያለው ዴስክ በሙሉ የለም። በምትካቸው ከሌላ ትምህርት ቤት የመጡ፣ የማናውቃቸው ቀለሜዎች ተቀምጠዋል። እውነቱን ልንገራችሁ? አንድ ሳምንት አዘንን። ከዚያ ፕላዝማ መጣና ሁሉን አስረሳን።

ፕላዝማን ለልጆቻችሁ ማስረዳት ይከብዳል። ግድግዳው ላይ በብረት ሣጥን የተቆለፈ ቴሌቪዥን ነው። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ፣ በሳተላይት ለመላው አገር በአንድ ጊዜ የሚለቀቅ። ቁልፉ መምህሩ ኪስ ውስጥ ነው፤ ከፍተው ጎን ይቆማሉ። ሴትዮዋ በእንግሊዝኛ ትጀምራለች፣ አትተነፍስም። "ይህን ሥሩ" ብላ ሰዓት ትቆጥራለች፣ ደብተር ሳንገልጥ "ጎበዞች፣ ትክክል ነው!" ትለናለች። ያልመለስነውን መልስ አመስግናን ስትሄድ ይደንቀን ነበር። ፊዚክሱ መሃል ላይ መብራት ሲጠፋ የሚነሳው እልልታ ግቢውን ያናውጣል። መብራቱ ሲመለስ እሷ ምዕራፉን ጨርሳ ሰላምታ ላይ ናት።

ቀጥሎ ምርጫ 97 መጣ፤ አስራ ሁለተኛ በገባን በጥቅምት 1998 ከተማው ታመሰ፣ ትምህርትም ተቋረጠ። ከምርጫው በኋላ የሞባይል አጭር መልእክት አገልግሎትም ተዘግቶ ነበር፤ የተከፈተው ሚሊኒየሙ ሲገባ ነው። ስልክ ያለው ተማሪ ጥቂት ነበር፣ እሱም ከወንድሙ የተዋሰው። ፍቅር ታዲያ በሚስኮል ሆነ። አንዴ ጠርቶ ከተቋረጠ "ወጥቻለሁ" ማለት ነው፤ ሁለቴ ከሆነ "እናቴ አለች"። አንዱ ጓደኛችን የቤተሰብ ስልክ ላይ ሁለቴ ጠርቶ አባትየው መልሰው ደውለውለታል። እሱን ለመገናኛው ቀን ራሱ ያውራው።

ይኸውላችሁ፣ ግሩፑ ላይ ሌት ተቀን የሚወራው ይህ ነው። ፕላዝማ፣ ሚስኮል፣ የመጨረሻ ቀን ሸሚዝ ላይ በማርከር የተፈራረምነው፣ የዩኒቨርሲቲ ምደባ። ከእኛ መሃል በ1999 ገና በራቸውን የከፈቱት ደብረ ብርሃንና ደብረ ማርቆስ የደረሳቸው አሉ፤ የግቢውን ጭቃና የደብረ ብርሃንን ብርድ እስካሁን ያወሩታል። እኔም አብሬ ስቄ ስቄ አንድ ማታ ቆም አልኩ። ከዚህ ሁሉ ትዝታ ባለሽቶዋ የምታውቀው የቱን ነው? ሬዲዮ ፈታቹስ? ፕላዝማውን አላዩትም። ሸሚዛቸው ላይ ማንም አልፈረመ። የእነሱና የእኛ የጋራ የሆነው ዘጠነኛና አስረኛ ብቻ ነው፤ ደምበል፣ የተገለበጠው ሹራብ፣ ዩኒት ሊደሩ።

የዝግጅቱ ኮሚቴ ሆነን ቡና ልንጠጣ እዚያው ደምበል ተቀመጥን። ሞኒተሩ ዝርዝሩን ዘረጋ።

"ከየት አመጣኸው?" አልኩት።

"ከአስራ ሁለተኛ ሮስተር ነዋ!"

"ሬዲዮ ፈታቹ የለበትም።"

"እንዴ፣ እሱማ አብሮን አልጨረሰም እኮ።"

"ባለሽቶዋስ?"

ዝም አለ። አንዷ ጓደኛችን ጣልቃ ገብታ "ኧረ ተወው፣ ቢመጡስ ምን ይሰማቸዋል? ያፍራሉ" አለች። ደግ ናት፣ ክፋት የላትም። ግን ማነው የሚያፍረው? ከእኛ ከመሰናዶዎቹ ዲግሪ ይዞ ኮብልስቶን ያነጠፈ አለ። ሬዲዮ ፈታቹ ሞባይል ጠግኖ ሁለት ልጆች ያሳድጋል፤ የፓይለቶቹ ስልክ ሲሰበር እሱ ጋ ነው የሚሄደው። ሱቁ የራሱ ነው። በአውቶግራፉ ላይ የጻፈውን ያገኘ ከክፍላችን እሱን ብቻ ነው የማውቀው። ባለሽቶዋ ቤይሩት ዓመታት ሠርታ ተመልሳለች መባሉን ሰምቻለሁ። የት እንዳለች የሚያውቅ ግን ጠፋ። ድሮ ቢሆን ካዛንቺስ ሄዶ እናቷን መጠየቅ ነበር። በ2017 መጀመሪያ ሰፈሩ ለልማት ፈርሶ ነዋሪው ሲበተን፣ አንዱ ገላን ጉራ፣ አንዱ ዘመድ ጋ፣ አንዱ ኪራይ ፍለጋ ሄደ፤ "የእገሌ ልጅ ቤት የትኛው ነው?" የሚባልበት መንደር ራሱ የለም። ሮስተር ላይ ያልተጻፈ ሰው አሁን በምን ይገኛል?

ሌላም አለ። መዋጮው ለሆቴል አዳራሽ ታስቦ የተቆረጠ ነው። አሜሪካ ያሉት "ቀላል ነው" አሉ፤ ለእነሱ ቀላል ነው። ከስሟ ጎን ኤክስ የተደረገባት አንዲት ጓደኛችን ምንም ሳትናገር ከግሩፑ ወጣች። ይህን ያህል ከሆነ አዳራሹ ይቅር ባይ ነኝ። ደምበል አካባቢ ካፌ ሞልቷል፤ ቡናውን እያንዳንዱ ይክፈል።

የአስረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ቀርቷል። አገሪቱ "ይቅር" ያለችውን በር እኛ በሃያ ዓመታችን ቴሌግራም ላይ መልሰን ተከልነው፤ ዘበኛውም ሞኒተራችን ሆነ። ይህን በፊቱ ነግሬዋለሁ፣ ስቋል፤ ዝርዝሩን ግን እስካሁን አልቀየረም።

ስለዚህ እናንተ የምትሰሙኝ፣ ነገሩ በእናንተ እጅ ነው። በ1995 ከደምበል አጠገብ ዘጠነኛ ክፍል ገብታችሁ፣ ሹራብ ገልብጣችሁ ለብሳችሁ፣ አስረኛ ላይ ከተለያየን፣ ጥሪው ለእናንተም ነው፤ ያላችሁበትን ለማንኛችንም ንገሩን። የካዛንቺሷን ልጅ የሚያውቃት ካለም ያገናኘን። አንተም ሞኒተር፣ የአስራ ሁለተኛውን ሮስተር አስቀምጥና የ1995ቱን የስም መጥሪያ ፈልግ። ከመጀመሪያው ስም ጀምረህ ጥራ።