ከተማ ወደ ሰባታሚት ሲመጣ

ባሕር ዳር ከስልሳና ሰባ ዓመት በፊት በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያኗና በጣና ዳር ገበያዋ የምትታወቅ ትንሽ ከተማ ነበረች። በ1953 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ ፖሊቴክኒኩ ሲከፈቱ ከየገጠሩ ሰው ገባባት። በእርሻ ይኖር የነበረው በወር ደመወዝ መኖር ጀመረ።

የትንሽና የትልቅ ከተማ ልዩነት የመብራትና የአስፋልት ብቻ አይደለም። በትንሽ ቦታ ጎመኑ ከጓሮ፣ እንቁላሉ ከቤት፣ ማገዶው ከደጅ ነው፤ ስለዚህ የሴቷ ድካም በገንዘብ አይቆጠርም። በትልቅ ከተማ ግን ውሃውም፣ ማገዶውም፣ ቤት ኪራዩም በብር ነው። ብር የሌላት ሴት ዕቁብና ዕድር ካልያዟት በጎረቤት መካከል ብቻዋን ትቀራለች።

አሁን ከተማው ወደ ሰባታሚት እየመጣ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የገጠር መሬት ደብተር በባልና በሚስት ስም መሰጠቱ ለሴቶች ትልቅ ዋስትና ሆኗል። መሬቱ ለከተማ ሲወሰድ ግን በደብተሩ ፈንታ የሚመጣው ካሳ ነው። መሬት በየዓመቱ ያበላል፤ ካሳ ያለ ዕቅድ ከተነካ በአንድ ክረምት ያልቃል።

ስለዚህ እህቶቼ፣ በመሬት ደብተሩ ላይ የሰፈረው ስማችን ካሳው በሚገባበት የባንክ ሒሳብም ላይ ይስፈር። ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት ከባለቤቶቻችን ጋር እንምከር፤ ቁጠባውንም ዛሬ እንጀምር።