ዝምታ የማን ጸሎት ነው? በባሌ ደጋ የመንግሥት ትምህርት ቤትና የአምልኮ ጥያቄ



ከሩቅ ልጀምር። የአሜሪካዋ አላባማ በ1981 እ.ኤ.አ. ተማሪዎች በመንግሥት ትምህርት ቤት አንድ ደቂቃ ዝም ብለው እንዲያሰላስሉ ወይም በፈቃዳቸው እንዲጸልዩ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1985 ሕጉን ውድቅ አደረገው፤ የወጣው ጸሎትን ለማበረታታት ነው በማለት። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ከመቀመጫ ሳይነሡ፣ ድምፅ ሳያሰሙ መጸለይ የሚበቃው ለየትኛው አማኝ ነው?

በሮቤና በጎባ ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ሶላት ውዱእ ይጠይቃል፤ ወደ ቂብላ መቆምን፣ ማጎንበስን፣ ግንባርን ምድር ማስነካትን ይጠይቃል። ዱዓ በልብ ሊደረግ ይችላል፤ ግዴታ የሆነውን ሶላት ግን አይተካም። ኦርቶዶክሳዊውም ቢሆን ስግደት አለው። ስለዚህ የዝምታው ደቂቃ ለሁሉም እኩል የተሰፋ ልብስ አይደለም።

ወደ ታሪካችን ስንመለስ፣ ጎባ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን፣ የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን በመንግሥት የምትደገፍ ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ነበር። «ሃይማኖት የግል ነው፤ አገር የጋራ ነው» የሚለው የታወቀ አነጋገር ከዚሁ ሕግ ጎን ለጎን ይነገር ነበር። ትምህርት ቤቱ እሑድ ይዘጋል፤ ዓርብ ይከፈታል፤ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ ነው፤ የእስልምና በዓላት የሕዝብ በዓላት አልነበሩም። ብዙ ሙስሊም ወላጆች «ልጄን ያከፍሩብኛል» ብለው ከትምህርት ቤት አራቁ። ይህን «ኋላ ቀርነት» ብሎ የሚያልፍ ሰው ያጋጥመኛል፤ አልስማማም። ወላጆቹ የዘመን መቁጠሪያውን አንብበው የደረሱበት ፍርድ ነበር። ዋጋውን የከፈሉት ግን ልጆቹ ናቸው።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የወጡት ሰልፈኞች የጠየቁት የሃይማኖት እኩልነትን ነው፤ ከጥያቄዎቻቸው አንዱም በዓላቶቻቸው የአገር በዓላት እንዲሆኑ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ዒድ አልፈጥር፣ ዒድ አልአድሓና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆኑ። ከዚያ በኋላ የመጣውን የማርክሳዊ ትምህርት ዘመን ዛሬ አላነሣውም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሁለት ነገር በአንድ ላይ ይላል። አንቀጽ 27 ሃይማኖትን በግል ወይም ከሌሎች ጋር፣ በይፋ ወይም በግል መግለጽን ይፈቅዳል፤ አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ እንዲሆን ያዛል። ትምህርት ሚኒስቴር በ2000 ዓ.ም. በትምህርት ተቋማት ስለሚፈጸም አምልኮ ረቂቅ ለውይይት ሲያቀርብ፣ ክርክሩ የተነሣው በእነዚህ ሁለት አንቀጾች መካከል ነው። በግቢ በኅብረት መጸለይን መከልከል ወደ ዝምታው ደቂቃ ይመልሰናል፦ ጸልይ፤ ነገር ግን አትታይ።

የሰዓት ነገር ከመርሕ ይልቅ ያስረዳል። ዐስር ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይገባል፤ የከሰዓቱ ፈረቃ ተማሪ ክፍል ውስጥ ነው። ሆኖም ጊዜው ሰፊ ስለሆነ ተማሪው ከደወል በኋላ ሊያደርሰው ይችላል። ጁምዓ ግን በጀመዓ ነው፤ ለማታ አይቆይም። ለዚህ መፍትሔ የሆነው ዝምታ ሳይሆን የመንግሥት መሥሪያ ቤት የዓርብ ምሳ ሰዓት ነው፤ ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል። በዚያ ሁለት ሰዓት ውስጥ አንዱ ወደ መስጊድ፣ ሌላው ወደ ምሳው ይሄዳል፤ ማን እንደጸለየ፣ ማን እንደበላ የሚመዘግብ የለም።