ለመሻር አሥራ ሁለት ዓመት የፈጀ ጽሑፍ



«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይላል የአገራችን ሰው፤ የተነገረ ቃል አይመለስም ለማለት። የሳይንስ መጽሔቶች ግን በዓለም ፊት ክብር ያገኙት ይህንኑ የማይመለስ ነገር እንመልሳለን ብለው ቃል በመግባታቸው ነው። በገጻቸው ላይ የወጣ ጥናት ሐሰት ሆኖ ከተገኘ «ይህ ተሽሯል» ብለው በአደባባይ ማወጅ አለባቸው። ዛሬ ማንሣት የፈለግሁት ጥያቄ፣ ይህ ቃል ኪዳን ደንብ አውጭውን ራሱን በሚነካበት ሰዓት ምን ያህል ይጸናል የሚል ነው። ለመልሱ የላንሴትን መጽሔት ታሪክ መርጫለሁ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ላንሴትን በ1823 ለንደን ላይ የመሠረተው ቶማስ ዋክሊ የተባለ ወጣት የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ነበር። ስሙ ሐኪሞች እብጠት የሚበጡበት ትንሽ ስለት ማለት ሲሆን፣ ዋክሊም ብዕሩን ለዚሁ ተግባር አዋለው። በዚያ ዘመን በለንደን ታላላቅ ሆስፒታሎች ሹመት በዝምድና የሚገኝ ርስት መስሎ ነበር። በ1828 ብራንስቢ ኩፐር የተባለ ሐኪም የፊኛ ጠጠር ለማውጣት አንድ ሰዓት ያህል ሲደክም ቆይቶ በሽተኛው ሲሞት፣ ላንሴት ዝርዝሩን አወጣው። ኩፐር ለዚያ ወንበር የበቃው በችሎታው ሳይሆን የዝነኛው የሰር አስትሊ ኩፐር የወንድም ልጅ በመሆኑ ነው ሲልም ጻፈ። ኩፐር በስም ማጥፋት ከሶ 2,000 ፓውንድ ጠየቀ፤ ፍርድ ቤቱ የሰጠው 100 ብቻ ነበር። እንግዲህ መጽሔቱ የተወለደው ባለሥልጣንን ያለ ይሉኝታ ለመመርመር ነበር ማለት ነው። ይህን ያስታውሱልኝ።

አሁን ወደ 1994 እንሻገር። በዚያ ዓመት ማልኮልም ፒርስ የተባለ የለንደን ሐኪም፣ ከማሕፀን ውጭ የተፀነሰን ጽንስ ወደ ማሕፀን አዛውሬ ሕፃኑ በሰላም ተወለደ ሲል በአንድ የታወቀ የብሪታኒያ የጽንስና የማሕፀን ሕክምና መጽሔት ላይ አሳተመ። ዓለም ተደነቀ። ነገሩ ሲጣራ ግን እንዲህ ያለች ታካሚ አልነበረችም። ከስሙ ጎን ስማቸው የሰፈረው ፕሮፌሰር ጄፍሪ ቻምበርሌይን የፒርስ የሥራ ክፍል ኃላፊ፣ ጽሑፉን ያተመው መጽሔት ዋና አዘጋጅ፣ እንዲሁም የሙያው ሮያል ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ነበሩ። በሥራው ውስጥ ይህ ነው የሚባል ድርሻ አልነበራቸውም፤ ስማቸው የገባው ለአለቃ በሚሰጥ ክብር ነበር። ፒርስ በ1995 ከሐኪሞች መዝገብ ተሰረዘ፤ ፕሮፌሰሩም ከፕሬዚዳንትነታቸው ወረዱ።

ይህ ቅሌት የብሪታኒያን የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች አስደነገጠ። በ1997 ጥቂቶቹ ተሰባስበው የኅትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴን አቋቋሙ። የፈጠራ መረጃን፣ የተደበቀ የጥቅም ግጭትን፣ ያልሠራን ሰው ደራሲ ማድረግን እንዴት መቋቋም እንደሚገባ ሊመካከሩበት ነው። ኮሚቴው ዛሬ በዓለም ዙሪያ በሺህ የሚቆጠሩ መጽሔቶች የሚመሩበትን መመሪያ የሚያወጣ ድርጅት ሆኗል። ከመሥራቾቹ አንዱ የላንሴት ዋና አዘጋጅ ሪቻርድ ሆርተን ነበሩ።

ዓመት ሳይሞላ ፈተናው መጣ። በየካቲት 1998 ላንሴት የአንድሩ ዌክፊልድንና የአሥራ ሁለት ባልደረቦቹን ጽሑፍ አወጣ። የተጠኑት ሕፃናት 12 ብቻ ነበሩ። በስምንቱ ላይ የታየው የባሕርይ ለውጥ፣ በወላጆች ወይም በሐኪም አባባል፣ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባት ከተሰጠ በኋላ የመጣ እንደሆነ ተገለጸ። ጽሑፉ ክትባቱ ኦቲዝም እንደሚያመጣ አላረጋገጥንም ይላል፤ ዌክፊልድ ግን በጋዜጣዊ መግለጫው ላይ ጥምር ክትባቱ ለጊዜው ቀርቶ ክትባቶቹ ተነጣጥለው ይሰጡ አለ። ጋዜጦቹም ፍርሃቱን በየቤቱ አደረሱት።

በየካቲት 2004 ብራያን ዲር የተባለ የሰንደይ ታይምስ ጋዜጠኛ የተደበቀውን ገለጠ። ዌክፊልድ ጥናቱን በሚያካሂድበት ጊዜ የክትባት አምራቾችን ለመክሰስ ከሚዘጋጅ ጠበቃ ጋር በክፍያ ይሠራ ነበር፤ ከተጠኑት ሕፃናትም የአንዳንዶቹ ወላጆች የዚያው ጠበቃ ደንበኞች ነበሩ። ለዌክፊልድ የተከፈለው ከ400 ሺህ ፓውንድ በላይ መሆኑ በኋላ ታወቀ። ላንሴት በዚያ ጊዜ ምን አደረገ? የገንዘቡ ጉዳይ መገለጽ ነበረበት ሲል አመነ። ሌሎቹን ክሶች እንዲመረምሩ የተጠየቁት ግን ጥናቱ የተካሄደበት የሕክምና ተቋም ሰዎች ራሳቸው ነበሩ፤ በቀናት ውስጥም ጥፋት የለም የሚል መልስ መጣ። ከአሥራ ሦስቱ ደራስያን አሥሩ ስለ ክትባቱ የተሰጠውን ትርጓሜ በፊርማቸው ሲያነሡ፣ ጽሑፉ ግን በቦታው ቀረ።

የብሪታኒያ ጠቅላላ የሕክምና ምክር ቤት ጉዳዩን መስማት የጀመረው በ2007 ነበር። በጥር 2010 ውሳኔውን አሳወቀ፤ ላንሴት ጽሑፉን ሙሉ በሙሉ የሻረው ከዚያ በኋላ፣ በየካቲት 2 ቀን 2010 ነው። በግንቦት ወር ዌክፊልድ ከሐኪሞች መዝገብ ተሰረዘ። ዛሬ ያንን ጽሑፍ የሚከፍት ሁሉ «ተሽሯል» የሚል ቀይ ጽሕፈት በገጾቹ ላይ ተጋድሞ ያያል። ለዚያች ቃል አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀ።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለን መጽናናት እንችላለን። እኔን የሚያሳስበኝ ግን እስኪነጋ ድረስ በጨለማው ያለፉት ናቸው። በእንግሊዝ አገር ጥምር ክትባቱን የወሰዱ ሕፃናት ቁጥር ከ90 በመቶ በላይ ከነበረበት በ2003 እና 2004 ወደ 80 በመቶ ወረደ። ኩፍኝም ተመልሶ መጣ። ጉዳቱ በእንግሊዝ ብቻ አልቀረም። ብዙ ኢትዮጵያውያንም በሚኖሩባት በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት፣ ጎረቤቶቻችን ሶማሌዎች በልጆቻቸው ላይ ያዩት ኦቲዝም አስጨንቋቸው ምክንያቱን ሲፈልጉ የደረሳቸው ይኸው ወሬ ነበር። ዌክፊልድም ጽሑፉ ከተሻረ በኋላ እንኳ ሚኒያፖሊስ ድረስ ሄዶ አነጋገራቸው። በ2004 ከሶማሌ ሕፃናት 92 በመቶው ይከተቡ የነበረው በ2014 ወደ 42 በመቶ ወረደ። በ2017 ኩፍኝ በግዛቲቱ 75 ሰዎችን ያዘ፤ አብዛኞቹ ያልተከተቡ የሶማሌ ልጆች ነበሩ። የላንሴትን ገጽ ዓይተው የማያውቁ እናቶች የላንሴትን መዘግየት ዕዳ ከፈሉ።

ለመጽሔቱ የሚሰጠውን መከላከያ አውቃለሁ። ያልተፈረደበትን ሰው ሥራ መሻር ግፍ ነው፤ አዘጋጅ መርማሪ ፖሊስ አይደለም፤ የተቋሙን መልስ ማመን ነበረበት ይባላል። ለተከሳሹ ፍትሕ መጠንቀቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን በመሻርና በዝምታ መካከል ሦስተኛ መንገድ አለ። ያው የሥነ ምግባር ኮሚቴ በ2009 ባወጣው መመሪያ፣ ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ አንባቢን የሚያስጠነቅቅ ማስታወቂያ ማውጣት እንደሚቻል ደንግጓል። ማስጠንቀቂያ ማንንም አይኮንንም፤ አንባቢውን ግን ይጠብቃል። ከዚህም ሌላ ተቋም በራሱ ጉዳይ ላይ የሚሰጠው ምስክርነት ምርመራ ሊባል አይገባም። ዋክሊ በ1828 የኩፐርን ጥፋት እንዲያጣራ የኩፐርን ሆስፒታል ቢለምን ኖሮ ላንሴት እስከ ዛሬ በደረሰ ነበርን?

በ2023 በዓለም ላይ የተሻሩ ጥናቶች ከ10,000 በላይ ሆኑ፤ ከ8,000 የሚበልጡት ሂንዳዊ ከተባለ አንድ አሳታሚ የወጡ ነበሩ። ብዙዎች ይህን የሳይንስ ውድቀት አድርገው ያዩታል። በእኔ አመለካከት ግን የሚያሳፍረው እነዚያ ሁሉ መታተማቸው እንጂ መሻራቸው አይደለም። የሚያስፈራኝ ምንም ሽሮ የማያውቅ መጽሔት ነው፤ ስሕተቱን አምኖ የማያውቅ መንግሥት እንደሚያስፈራኝ ሁሉ።

ደንብ በማጣት የተበደልንበት ጊዜ ጥቂት ነው። እኛም ያማሩ አንቀጾችን ጽፎ መደርደሪያ ላይ ማኖርን እናውቅበታለን። የላንሴት ታሪክ የሚነግረን ደንቡን ከጻፉት ሰዎች አንዱ በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሳለ እንኳ ሐሰቱን የገለጠው የውጭ ሰው፣ አንድ ጋዜጠኛ መሆኑን ነው። ስለዚህ አንድ መጽሔት፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ወይም አንድ መሥሪያ ቤት የሥነ ምግባር ደንብ አለኝ ሲላችሁ ደንቡን ብቻ አታንብቡ። ከሳሽ ሲመጣ ማን እንደሚመረምርና መልሱ በስንት ቀን እንደሚወጣ ጠይቁ።

ቸር ይግጠመን።