«ቲቸር፣ ስወጣ ኪቦርዱ ይጠብቀኛል?»

ባለፈው እሁድ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ነበርኩ። የቀድሞ ተማሪዬን ልጠይቅ ነው የሄድኩት። ስሙን አልጽፍም፤ በምን እንደገባም የእሱ ጉዳይ ነው። የጽሕፈት ሙያ ሳስተምር ከእጄ ካለፉት ልጆች ሁሉ፣ ኪቦርድ ሳያይ ሲጽፍ ቆሜ ያየሁት አንድ እሱን ነው።

ምግቡን በር ላይ አስፈትሼ ገባሁ። አጥሩን በመሀል አድርገን ቆምን። «እዚህም እጽፋለሁ ቲቸር» አለኝ። «ለእስረኛው ይግባኝ እጽፋለሁ፣ በእስክሪብቶ። አራት ዓመት ቀርቶኛል። ግን አሁን ኮምፒውተሩ ራሱ እየሰማ ይጽፋል ይላሉ። ስወጣ ኪቦርዱ ይጠብቀኛል?»

መልሱን ሳልጨርስ ሰዓት አለቀ። እንግዲህ እዚህ ልጨርሰው። አትሜ ለሚመጣው እሁድ እወስድለታለሁ።

የእኛ ሙያ ሲያልቅ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ ለአንድ መጽሐፍ ወራት የሚቀመጠው ቁም ጸሐፊ ማተሚያ ቤት ሲመጣ ቦታው ጠበበ። ከዚያ ከጣሊያን ወረራ በፊት ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛውን የጽሕፈት መኪና ሠሩ። ከ200 በላይ የሆነውን ፊደል በጥቂት ቁልፎች ላይ ማስቀመጥ ስለማይቻል፣ ፊደሉን በመነሻውና በቅጥያው ከፍለው ነው መላ ያበጁለት። በ1935 ዓ.ም የተከፈተው የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት፣ በእኛ አፍ ኮሜርስ፣ ጸሐፊ አሠልጥኖ ለየመሥሪያ ቤቱ አወጣ። እ.ኤ.አ. 1999 ደግሞ ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ገባ፤ ኦሊቬቲው መጋዘን ገባ። በየጊዜው መሣሪያው ሞተ። የሰሙትን በትክክል ማስቀመጥ ግን ሥራ ሆኖ ቆየ።

አሁን የመጣው ግን ለየት ይላል። የአሜሪካን የሕክምና ጽሑፍ ሠራተኞች ታሪክ ብታዩ ይገባችኋል። ሐኪሙ በሽተኛውን መርምሮ በድምፅ ይቀዳል፤ ጸሐፊዋ ሰምታ ትጽፋለች። እ.ኤ.አ. 1978 የራሳቸውን የሙያ ማኅበር አቋቁመው ነበር። በ1990ዎቹ ኢንተርኔት ሲስፋፋ ድምፁ ሌሊት ወደ ሕንድ፣ ወደ ፊሊፒንስ፣ ወደ ፓኪስታን ተልኮ ጠዋት ተጽፎ መመለስ ጀመረ።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2003 የሆነውን ላንሳ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንፍራንሲስኮ ሕክምና ማዕከል ሥራውን ለአንድ የካሊፎርኒያ ድርጅት ሰጠ። ድርጅቱ ፍሎሪዳ ላለች ሴት አሳለፈ፤ እሷ ቴክሳስ ላለ ሰው፤ እሱ ደግሞ ካራቺ ላለች ጸሐፊ። የካራቺዋ ሴት ገንዘቧ ሲቀር፣ ካልከፈላችሁኝ የበሽተኞቹን መረጃ ኢንተርኔት ላይ እለቀዋለሁ ብላ ለሆስፒታሉ ጻፈች። ብዙ ሰው ስለ ሚስጥር መጋለጥ ጮኸ። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው፦ ሥራውን የሠራችው ሴት መኖሯን ሆስፒታሉ ያወቀው ያን ጊዜ ነው። በመሀል ያሉት ሁሉ እየቆነጠሩ፣ የመጨረሻዋ ጋ ሲደርስ የቀረው ፍርፋሪ ነበር።

ሜሪላንድ ያለች ሌላ ተማሪዬም በዚሁ ሥራ ኖራለች። በመስመር ነበር የምትከፈለው። መጀመሪያ ሥራው ባሕር ተሻገረ። ቀጥሎ «ማሽን የጻፈውን አርሚ» ተባለች፤ ክፍያው በግማሽ ወረደ። «ቲቸር፣ የማሽን ስህተት ማረም ከመጻፍ ይከብዳል። አንድም ፊደል ሳይገደፍ የማይሆን ቃል ነው የሚጽፈው» ብላኛለች። በዚያ መስክ ትልቅ ስም ያለውን ኑዋንስን ማይክሮሶፍት በ19.7 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ መስማማቱን ያሳወቀው እ.ኤ.አ. 2021 ነው። ገንዘቡ ወዴት እንደሄደ አያችሁ።

እስር ቤትም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለም። እ.ኤ.አ. 2019 ቫይኑ የተባለ የፊንላንድ ድርጅት ኮምፒውተር የሚማርበትን ጽሑፍ የሚለይለት ሰው ፈለገ። ፊንላንድኛ የሚያነብ ርካሽ ሠራተኛ ባሕር ማዶ የለም። ስለዚህ ሥራውን ለሄልሲንኪና ለቱርኩ እስረኞች ሰጠ። ቋንቋው ትንሽ ስለሆነ ሥራው አገር ውስጥ ቀረ፤ ግን አጥር ውስጥ ገባ።

አማርኛስ? ጉግል የአማርኛ ድምፅ መስማት የጀመረው በነሐሴ 2009 ዓ.ም ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፤ አልዋሽህም። ተራውን ደብዳቤ ይጽፈዋል። በቃልህ እየሰማህ መጻፍ ብቻ ከሆነ ሙያህ፣ አይጠብቅህም።

ግን አንተ ያለህበት ቦታ ራሱ ሌላውን ግማሽ ያስተምራል። በ1954 ዓ.ም የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ አንቀጽ 187፣ ይግባኝ ባዩ የፍርዱ ግልባጭ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ማመልከቻውን እንዲያስገባ ይላል። ስለዚህ ግልባጭ ሲዘገይ ሰው ይዘገያል። ግልባጭ ሲሳሳትስ? ፊደላችን ማጥበቅና ማላላት አይለይም። ምስክር «ገንዘቡ እሱ ጋ አለ» ሲል፣ «አለ» ላልቶ ከሆነ የሌላ ሰው ንግግር እየጠቀሰ ነው፤ ጠብቆ ከሆነ ገንዘቡ በእጁ ነው እያለ ነው። ወረቀቱ ላይ አንድ ነው። «ሰባት» እና «ሰባ»ስ? የመጨረሻው «ት» በሳል ብትዋጥ ብር ይሁን ዓመት፣ በአሥር እጥፍ ያድጋል። ሐኪም ዘንድ ከሆነ ደግሞ መድኃኒት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ «ይሄ ልክ አይደለም፣ ድምፁ ይደገም» የሚልና ስሙን ከሥሩ የሚፈርም ሰው ያስፈልጋል። ማሽኑ አይፈርምም። አይጠየቅም። ቃሊቲም አይገባም።

እና መልሴ ይኸው ነው ልጄ፦ ኪቦርዱ አይጠብቅህም፤ ጆሮህ ግን ይፈለጋል። አሁን የምትጽፈው ይግባኝ ራሱ ትምህርት ነው። ሕጉን አንብብ፣ ቃላቱን ለይ፣ እንግሊዝኛህን አትተው። ክፍያው ጥሩ ይሆናል ብዬ ቃል አልገባልህም። ያንን የሚወስነው የጣትህ ፍጥነት አይደለም፤ በአንተና በሥራው ባለቤት መሀል ስንት ሰው ይቆማል የሚለው ነው።

እናንተ ደግሞ፣ ፍርድ ቤት ድምፅ የምትገለብጡ፣ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ያላችሁ፣ ትርጉም ላይ ያላችሁ ተማሪዎቼ፦ አራት ዓመት ያለው ሰው ዛሬ ምን ይማር? ምን መጽሐፍ ልውሰድለት? እስከ ቅዳሜ ማታ ከታች ጻፉልኝ። አብሬ አትሜ እወስድለታለሁ።