ብርሃንና ጥላ በዙርባራን «ቅዱስ ፍራንቸስኮስ» ሥዕል

በመንፈሳዊ ሥዕል ብርሃን የቅድስና፣ ጨለማ ደግሞ የኃጢአት ምልክት ነው ማለት የተለመደ ነው። ይህ አባባል ሁልጊዜ እንደማይሠራ ከሚያስረዱት አንዱ የእስጳንያው ሠዓሊ ፍራንሲስኮ ደ ዙርባራን (1598—1664) በ1635 እና በ1639 መካከል የሣለው የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ሥዕል ነው። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።) ሥዕሉ የሚገኘው በሎንዶን ብሔራዊ የሥዕል ቤት ነው።

ቅዱሱ ብቻውን ተንበርክኮ፣ የራስ ቅል ታቅፎ ይጸልያል። ብርሃኑ ከግራ መጥቶ ያረጀ ልብሱን፣ እጆቹንና የተከፈተ አፉን ያሳያል። ዓይኖቹን ግን የቆቡ ጥላ ሸፍኗቸዋል። ታዲያ ሠዓሊው የፊትን ዋና ክፍል ስለምን ሰወረ?

አንዳንዱ ሰው ነገሩን በካራቫጆ ተጽዕኖ ብቻ ይፈታዋል። እርግጥ ካራቫጆ በ1610 ከሞተ በኋላ፣ በጨለማ መካከል ኃይለኛ ብርሃን የማሳረፍ ዘዴው እስከ እስጳንያ ተስፋፍቷል። ይሁን እንጂ ይህ መልስ ዘዴው ከየት እንደ መጣ ይነግረናል እንጂ፣ ጥላው ስለምን በዓይን ላይ እንዳረፈ አይነግረንም።

ሁለተኛውን መልስ ከዘመኑ ሃይማኖት እናገኛለን። የትሬንት ጉባኤ በ1563 ሥዕል ምእመናንን ማስተማርና ለጸሎት ማነሣሣት እንዳለበት ወስኖ ነበር። የዙርባራንም ዋና ደንበኞች ገዳማት ነበሩ። ሞትን እያሰበ የሚጸልይ መነኩሴ ተመልካቹን አያይም፤ ስለዚህ ጥላው ኃጢአትን ሳይሆን ከዓለም መለየትን ያመለክታል።

«ቆብ ያጠለቀ ሰው ፊቱ መጥላቱ ምን ያስደንቃል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ብርሃኑ ከየት እንዲመጣ የወሰነው ሠዓሊው ራሱ ነው። ደግሞም በ1639 በሣለው ሌላ የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ሥዕል ከበስተኋላ መልክዐ ምድር አስገብቷል፤ በዚህኛው ግን ከጨለማ በቀር ዓይናችን የሚያርፍበት ሌላ ነገር አልተወልንም።

ይህ ሥዕል በኋላ ከፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕ እጅ ገብቶ፣ የንጉሡ ስብስብ በ1853 ሲሸጥ ለሎንዶን ተገዛ። ለጸሎት የታሰበው ሥዕል ዛሬ በብዙ ሰው መካከል ተሰቅሎ ይታያል። እንግዲህ የታሪክ ተማሪ ብርሃንና ጥላን አስቀድሞ በተወሰነ ትርጉም ከመፍታቱ በፊት፣ ማን፣ ለማንና ስለምን እንደ ሣለው ሊጠይቅ ይገባዋል።