ጀርም የሌለው ግርሻ

እኛ አገር ትኩሳት ስም አያጣም። ወባ አለ፣ ንዳድ አለ፣ ተስቦ አለ፤ ከሁሉም ደግሞ ስሙ ራሱ ታሪኩን የሚናገረው ግርሻ አለ። ሕመምተኛው ያተኩሰዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ጥቂት ቀናት ያልፉና ይለቀዋል። «ተመስገን፣ ዳነልን» ተብሎ ሳያልቅ እንደገና ያገረሽበታል። የዚህ በሽታ ምክንያት በቅማል የምትተላለፍ ባክቴሪያ መሆኗ ከታወቀ ቆይቷል። ስለዚህም ትኩሳት ሲባል ሐሳባችን የሚሮጠው ከውጭ ወደመጣ ጠላት ነው። ትንኝ ነከሰው፣ ቅማል ወረረው፣ ውኃው ተበክሎ ነው እንላለን። መድኃኒቱንም «ኪኒን» እንለዋለን። ይሄ ቃል መነሻው የአንድ የወባ መድኃኒት ስም ነው፤ ዛሬ ለራስ ምታቱም ለሆድ ቁርጠቱም የሚዋጠው ፍሬ ሁሉ በእሱ ይጠራል።

ታዲያ ትኩሳቱ አለ፣ ግርሻው አለ፣ ቅማልም ትንኝም ጀርምም ግን የለም ቢባልስ? ዛሬ የማወጋችሁ ስለዚህ ዓይነቱ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

በ1908 ጄንዌይ እና ሞዘንታል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች የአንዲት የ16 ዓመት አይሁዳዊት ልጅ ታሪክ ጻፉ። ልጅቱ በየጊዜው ትኩሳት ይነሳባታል፣ ሆዷን ያማታል፣ ነጭ የደም ሴሎቿ ይበዛሉ። ከዚያ ምንም እንዳልነካት ሆና ትነሳለች። ሐኪሞቹ ነገሩ ግራ ቢገባቸው ከተደጋጋሚ ማስታወክ ጋር የሚዛመድ ሳይሆን አይቀርም አሉ። በ1945 ሼፕርድ ሲጋል የተባለ ሐኪም ደግሞ የመሰሉ ሰዎችን ሰብስቦ ለበሽታው ረዥም ስም አወጣለት፤ ወደ እኛ ቋንቋ ስናመጣው «ድንገት እየተነሳ የሚተው፣ ክፋት የሌለው የሆድ ዕቃ ሽፋን ብግነት» እንደማለት ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ሆባርት ራይማን «ወቅታዊ በሽታ» አለው። ስም በስም ላይ ተደረበ እንጂ መድኃኒት አልተገኘም።

«ክፋት የሌለው» የሚለውን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ሕመሙ ሲነሳ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ሰውየው ማታ ደህና ይተኛል። ሌሊት ትኩሳቱ ይነሳና ሆዱ እንደ ጣውላ ይደርቃል፤ እጅ ሲነካው ይጮኻል። ሆስፒታል ሲደርስ ያየው ሐኪም ሁሉ «ትርፍ አንጀቱ ነው፣ ቶሎ ይቀደድ» ይላል። ማን ይፈርድበታል? ምልክቱ ቁርጥ እሱን ነው። ሆዱ ተከፍቶ ሲታይ የሆድ ዕቃው ሽፋን ተቆጥቷል፤ ትርፍ አንጀቱ ግን ንጹሕ ነው። ተሰፍቶ ይወጣል። በሁለት በሦስት ቀን ትኩሳቱም ስለሚለቀው ቀዶ ጥገናው ያዳነው ይመስላል። ከወር ወይም ከሁለት ወር በኋላ ያው ሕመም ይመለሳል። አንዳንዱ ሆዱ ላይ ብዙ ጠባሳ ይዞ ነበር የሚዞረው።

ሌላም በደል አለበት። በሁለቱ ሕመም መካከል ሰውየው ፍጹም ጤነኛ ነው፤ ይሠራል፣ ይበላል፣ ይስቃል። እንዲህ ያለውን ሰው ዘመድም አሠሪም ሐኪምም ቢሆን እስከመጨረሻው አያምነውም። «አመል ነው»፣ «ጭንቀት ነው»፣ «ሥራ ጠልቶ ነው» የሚባለው ይከተላል። ሲታመም ብቻ አይቶ የቀደደውም፣ ሲድን ብቻ አይቶ ያልታመነለትም፣ ሁለቱም ግማሹን ነው ያዩት።

ወደ «ክፋት የሌለው» ልመለስ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ፓሪስ ውስጥ ካታን እና ማሙ የተባሉ ሐኪሞች ከሰሜን አፍሪካ የመጡ ሕመምተኞቻቸውን ሲከታተሉ ሁለት ነገር አስተዋሉ። አንደኛው፣ በሽታው በቤተሰብ ውስጥ ይሄዳል። ሁለተኛው፣ ኩላሊት ይገድላል። ሰውነት በተቆጣ ቁጥር ጉበት አንድ ዓይነት ፕሮቲን በብዛት ይሠራል። ይሄ ፕሮቲን ዓመት በዓመት ላይ እየተከማቸ ኩላሊት ውስጥ እንደ ደለል ይተኛል፤ አሚሎይድ ይሉታል። በሚያሠቃየው ትኩሳት የሚሞት ሰው እምብዛም አልነበረም። የሚገድለው ድምፅ የሌለው ደለሉ ነበር።

ስሙ የተስተካከለው እስራኤል ውስጥ ነው። አገሪቱ በ1948 ከተመሠረተች በኋላ ከሰሜን አፍሪካና ከኢራቅ የፈለሱ ብዙ አይሁዶች ቴል ሃሾሜር ሆስፒታል ገቡ። ሃሪ ሄለርና የሥራ ባልደረቦቹ ሕመምተኛውን ብቻ ሳይሆን እናቱን፣ አባቱን፣ ወንድምና እህቱን ጭምር ጠየቁ። በ1958 «በቤተሰብ የሚወረስ የሜዲትራኒያን ትኩሳት» ብለው ሰየሙት። አርመኖች፣ ቱርኮችና ዓረቦች ዘንድም ብዙ እንዳለ ታወቀ። አብዛኛውን ጊዜ ልጁ የሚታመመው ጉድለቱን ከእናትም ከአባትም ሲወርስ ነው፤ ወላጆቹ ራሳቸው ጤነኞች ሊሆኑ ይችላሉ።

የመድኃኒቱ ታሪክ ለብቻው ወግ ይወጣዋል። ኮልቺኩም የሚባል ወይን ጠጅ መሳይ ቀለም ያለው አበባ አለ። ስሙን ያገኘው ዛሬ ጆርጂያ ካለችበት ከጥንቱ የኮልኪስ ምድር ነው። መርዝ ነው፤ በመጠኑ ሲወሰድ ግን ለሪህ እንደሚረዳ ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል። በ1820 ፔልቲዬ እና ካቫንቱ የተባሉ ሁለት የፓሪስ መድኃኒት ቀማሚዎች ንጥረ ነገሩን ከተክሉ ለይተው አወጡ። እነዚሁ ሰዎች በዚያው ዓመት ከአንድ የዛፍ ልጣጭ ሌላ ንጥረ ነገር አወጡ፤ እሱም ያ «ኪኒን» ብለን የወረስነው የወባ መድኃኒት ነው። የወባው ወዲያው ዓለምን ዞረ። የአበባው ግን የሪህ መድኃኒት ሆኖ አንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ተቀመጠ።

በ1972 ስቴፈን ጎልድፊንገር የተባለ የቦስተን ሐኪም ለአንድ የሕክምና መጽሔት አጭር ደብዳቤ ላከ። ኮልቺሲንን በየቀኑ የሚወስዱ ሕመምተኞቹ ላይ ትኩሳቱ መነሳት መተዉን የሚገልጽ ነበር። በዚያው ዓመት ቱርክ ውስጥ ኤሚር ኦዝካንም ተመሳሳይ ነገር ጻፈ። በ1974 የተደረጉ ሙከራዎች አረጋገጡት። ኩላሊትን ያድናል ወይ ለሚለው መልሱ የመጣው በ1986 ነው። ዴቦራ ዘመርና ባልደረቦቿ 1,070 ሕመምተኞችን ለዓመታት ተከታትለው ነበር። መጀመሪያ ላይ የኩላሊት ምልክት ካልነበረባቸው 960 ሰዎች ውስጥ፣ መድኃኒቱን በትክክል ከወሰዱት ፕሮቲን በሽንታቸው የታየው 4 ብቻ ናቸው። አልወሰድንም ብለው ካመኑት 54 ሰዎች ግን 16ቱ ላይ ታየ። እኔ ከዚህ ሁሉ ጥናት ውስጥ ልቤን የነካኝ ይሄ ቁጥር ነው። 54ቱ ምን ሆነው ተዉት? መቼም ትኩሳት ሲጠፋ ኪኒን መዋጥ የሚረሳው ሰው እኛ አገር ብቻ ያለ ይመስለን ነበር።

የበሽታው ሥር የተገኘው በ1997 ነው። ሁለት ቡድኖች እየተሽቀዳደሙ በአንድ ጊዜ ጂኑን አገኙ። አንደኛው ፕሮቲኑን ከግሪኩ «እሳት» ወስዶ «ፓይሪን» አለው። ፈረንሳዮቹ ከላቲኑ «ባሕራችን» ወስደው «ማሬኖስትሪን» አሉት። እሳቱ አሸነፈ።

ፓይሪን በነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ያለ ዘበኛ ነው። ጉደኛ ዘበኛ ነው ታዲያ፤ ሌባውን ራሱን አያየውም። የሚጠብቀው መብራቱን ነው። ሴሉ ውስጥ ራሆኤ የሚባል እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ያለ ፕሮቲን አለ። እሱ እስከበራ ድረስ የፓይሪን እጅ የታሰረ ነው። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ሲገቡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ይሄን ማብሪያ በመርዝ ማጥፋት ነው። በ2014 ከቤጂንግ የወጣ ጥናት እንዳሳየው ዘበኛው የሚነሳው ያኔ ነው። እስሩ ይፈታል፣ ጓደኞቹን ይሰበስባል፣ አንድ መቀስ መሳይ ኢንዛይም ያስነሳል። መቀሱ ኢንተርሉኪን-1 የሚባለውን መልእክተኛ ከማሰሪያው ቆርጦ ይለቀዋል። መልእክቱ አንጎል ሲደርስ ትኩሳት፣ ጉበት ሲደርስ ያ ደለል የሚሆነው ፕሮቲን ይመጣል። የሕመምተኞቹ ፓይሪን እስሩ የላላ ነው። መብራት ሳይጠፋ፣ ብልጭ ስላለ ብቻ ሰፈሩን በፊሽካ ይቀሰቅሳል።

እንዲህ ያለ ጎጂ ጂን እንዴት ይህን ያህል ሕዝብ ውስጥ ሊቆይ ቻለ? በ2020 የወጣ ጥናት ወደ ቸነፈር ጠቆመ። የቸነፈሯ ባክቴሪያ ፓይሪንን ዝም የምታሰኝበት ዘዴ አላት፤ በተለወጠው ፓይሪን ላይ ግን ዘዴው በደንብ አይሠራላትም። አንዱን የጉድለት ጂን ብቻ የወረሰ ሰው በዚያ ክፉ ዘመን የተሻለ ዕድል ሳይኖረው አልቀረም ነው የሚባለው። (በነገራችን ላይ፣ በ541 ስለተነሳው ቸነፈር የጻፈው ኢቫግሪየስ «ከኢትዮጵያ መጣ ይባላል» ብሏል። የጥንት ሰዎች መነሻው ያልታወቀ በሽታ ሲገጥማቸው ወደ እኛ መላክ ይወዱ ነበር።)

የሜዲትራኒያኑ ብቻውን አይደለም። በ1982 አንድ የአይሪሽና የስኮትላንድ ዝርያ ያለው ቤተሰብ ተመሳሳይ የሚወረስ ትኩሳት እንዳለበት ተጻፈ። በ1999 ጉድለቱ ቲኤንኤፍ የሚባለው ሌላ መልእክተኛ በሚያርፍበት ተቀባይ ላይ እንደሆነ ታወቀ።

ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1996፣ ይኸው ቲኤንኤፍ አዲስ አበባ ላይ ተፈትኖ ነበር፤ በእኛው በቅማሉ ግርሻ። የግርሻ ሕመምተኛ ፔኒሲሊን ሲወጋ ባክቴሪያዎቹ በጅምላ ይሞታሉ። ብዙም ሳይቆይ ሰውየው ከበፊቱ ብሶ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይወጣል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል። የሚሞትም አለ። ያየው ዘመድ «መርፌው ገደለው» ቢል አይፈረድበትም። ዳንኤል ፈቃደና ባልደረቦቹ ከፔኒሲሊኑ በፊት ለ20 ሕመምተኞች ቲኤንኤፍን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ሰጧቸው፣ ለ29ኙ አልሰጧቸውም። ካልተሰጣቸው 29 ሰዎች 26ቱ ያ መንቀጥቀጥ መጣባቸው፤ ከተሰጣቸው 20ዎቹ ግን 10ሩ ብቻ። ባክቴሪያዋ በሁለቱም ወገን ነበረች፣ መርፌውም አንድ ነበር። ሰውየውን የሚያርደው የገዛ ሰውነቱ መልእክት ነበር።